«ከረሜላ» የማን ነው? ተራ ቃላት፣ የቪዲዮ ጌም ርዕሶችና የንግድ ምልክት ሙግቶች

በጥር 2014 የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ «ካንዲ» የሚለውን ቃል፣ ማለትም ከረሜላን፣ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የቀረበለትን ማመልከቻ ተቀብሎ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ይፋ አደረገ። አመልካቹ ካንዲ ክራሽ ሳጋ የተባለውን ዝነኛ የስልክ ጌም ያወጣው ኪንግ ነው። የጠየቀው ለጌም ብቻ አልነበረም፤ ልብስ ሳይቀር በዝርዝሩ ውስጥ ነበር። በዚያው ሰሞን «ካንዲ» የሚል ቃል በርዕሳቸው ያለ ጌሞችን በአፕል መደብር የሚያቀርቡ ሰዎች፣ ኪንግ ቅሬታ እንዳቀረበባቸው የሚገልጽ ደብዳቤ ይደርሳቸው ጀመር። ጌም ሠሪዎቹም በሚችሉት መንገድ መለሱ። «ካንዲ ጃም» ብለው በሰየሙት ዘመቻ፣ ርዕሳቸው ሆን ተብሎ በ«ካንዲ» እና በ«ሳጋ» የታጨቀ የፌዝ ጌሞችን በገፍ ሠርተው ለቀቁ።

ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀውን ቃል አንድ ኩባንያ የግሉ ሊያደርግ መነሣቱ ያስቆጣል። ቁጣው ግን ብዙ ጊዜ ያነጣጠረው ሕጉ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ነው የሚስተው። ባለፉት አርባ ዓመታት በጌም ርዕሶች ላይ የተነሡትን ሙግቶች አሰልፎ ለተመለከተ ሰው ሌላ ነገር ይታየዋል። ጉዳዩ ዳኛ ፊት ቀርቦ ሲመረመር፣ ተራ ቃልን አጥሮ ለመያዝ የሞከረው ወገን ብዙውን ጊዜ አይቀናውም። ስም የሚለወጠው፣ ጌም ከመደብር የሚወርደው፣ ገንዘብ የሚከፈለው ዳኛ ሳይሰማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ከአንድ የአገራችን አዋጅ ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የንግድ ምልክት ሕግ ቃልን ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ ለአንድ ሰው አይሰጥም። የሚሰጠው ያንን ቃል በአንድ ዓይነት ሸቀጥ ወይም አገልግሎት ላይ መለያ አድርጎ የመጠቀም መብት ነው፤ ዓላማውም ገዢው የአንዱን ዕቃ የሌላው መስሎት እንዳይደናገር ነው። ሸቀጥና አገልግሎት በዓለም አቀፍ ደረጃ በ45 ምድቦች ተከፍሏል። ሶፍትዌር በ9ኛው፣ መጫወቻ በ28ኛው፣ መዝናኛ በ41ኛው ስለሚገኙ፣ የጌም ባለቤቶች የሚጋጩት በአብዛኛው በእነዚህ ሦስቱ ላይ ነው። የቃሉ ጥንካሬ ደግሞ ደረጃ አለው። ዳኛ ሄንሪ ፍሬንድሊ በ1976 በአበርክሮምቢ ኤንድ ፊች ጉዳይ ላይ ያስቀመጡት አከፋፈል እስከ ዛሬ በአሜሪካ ይሠራበታል። የሸቀጡ የወል ስም የሆነ ቃል ፈጽሞ አይያዝም። ሸቀጡን የሚገልጽ ቃል የሚያዘው ገበያተኛው ከአንድ ነጋዴ ጋር ብቻ ማያያዝ ሲጀምር ነው። ሸቀጡን በዘወርዋራ የሚጠቁም ቃል ከዚህ ይሻላል፤ ከሸቀጡ ጋር ምንም የማይገናኝ ወይም ጨርሶ የተፈጠረ ቃል ግን ከሁሉም ይጠነክራል። ፖም ለሚሸጥ ሰው «አፕል» የሚለው ስም ምንም አያስገኝለትም፤ ኮምፒውተር ለሚሸጥ ግን ጠንካራ ምልክት ነው።

የጌም ርዕስ በዚህ ሚዛን ላይ የሚቀመጥበት ቦታ አስቸጋሪ ነው። በአንድ በኩል የሸቀጥ መለያ ነው፤ በሌላ በኩል እንደ ልብ ወለድ ርዕስ ስለ ይዘቱ ይናገራል። ጌሞች ስለ ጦርነት፣ ስለ ዘንዶ፣ ስለ ከዋክብት፣ ስለ ግዛትና ስለ አመፅ ስለሆኑ ርዕሶቻቸውም ከእነዚሁ ጥቂት ቃላት ይቀዳሉ፤ መጋጨታቸውም አይቀርም። የስልክ መደብሮች ሲመጡ ነገሩ ባሰ። ገዢው የሚፈልገውን ቃል ጽፎ በሚያገኝበት ገበያ፣ ርዕስ ውስጥ «ካንዲ»ን ማስገባት የዝነኛውን ጌም ፈላጊ ወደ ራስ መጥሪያ ዘዴ ሆነ። ኮራጆች በእርግጥ አሉ፤ ስለዚህ ቅሬታ አቅራቢውን ሁሉ በደፈናው ስግብግብ ማለት አይገባም።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አገራችን በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በዚሁ የአሜሪካ ቢሮ ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ አንሥቶ ነበር። ቢሮውም ሐረርንና ሲዳሞን ቡናውን የሚገልጹ ቃላት ናቸው በሚል መጀመሪያ ላይ አልተቀበላቸውም። ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰው በ2007 ነው። ቡና አምራቹም ጌም ሠሪውም የሚፈተኑት በአንድ ወንፊት ነው።

የዘርፉ የመጀመሪያ ትልቅ ሙግት የተነሣው በ1982 ነው። ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ኩባንያ፣ የኒንቴንዶ «ዶንኪ ኮንግ» የ«ኪንግ ኮንግ»ን ስም ይነካል ብሎ ከሰሰ። ጌሙን በፈቃድ ለቤት ውስጥ መጫወቻ ያዘጋጀው ኮሌኮ ገና ከማስፈራሪያው ተስማምቶ ከሽያጩ ድርሻ ለመስጠት ፈረመ። ኒንቴንዶ እምቢ አለ። ጠበቃው ጆን ከርቢ ያቀረቡት ማስረጃ የሚያስቅ ነበር፤ ዩኒቨርሳል ራሱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሌላ የፊልም ኩባንያ ጋር ሲሟገት፣ የኪንግ ኮንግ ታሪክ የማንም ንብረት አይደለም ብሎ ተከራክሮ ረትቷል። ዳኛ ሮበርት ስዊት ለኒንቴንዶ ፈረዱ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1984 አጸናው። ኒንቴንዶ ለጠበቃው «ዶንኪ ኮንግ» የተሰኘች ባለ ሸራ ጀልባ ሸለማቸው። «ከርቢ» የተባለው ሮዝ ድቡልቡል ገጸ ባሕርይም ስሙን ያገኘው ከእሳቸው እንደሆነ ይነገራል። ልብ ማለት የሚገባው ግን ኮሌኮን ነው፤ ሕጉ ከጎኑ ነበር፣ ሆኖም ከፈለ።

ከስክሪን ውጪ ያሉት ጨዋታዎችም ለዚህ ዘርፍ ትምህርት ትተዋል። ራልፍ አንስፓክ የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር በ1973 «አንቲ ሞኖፖሊ» የሚል የሰሌዳ ጨዋታ ሲያወጡ የሞኖፖሊ ባለቤት ፓርከር ብራዘርስ ተነሣባቸው። በ1977 ፍርድ ቤት ለኩባንያው በመፍረዱ 40,000 የአንስፓክ ጨዋታዎች በሚኒሶታ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተቀበሩ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን «ሞኖፖሊ» የጨዋታው የወል ስም ሆኗል ብሎ ወሰነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 ጉዳዩን አልመለከትም በማለቱም ውሳኔው ጸና። የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት በ1984 ሕጉን ያሻሻሉት በዚህ ውሳኔ የተደናገጡ የምልክት ባለቤቶች ስለወተወቷቸው ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ራቨንስቡርገር ከ1959 ጀምሮ ጥንድ ካርዶችን በማስታወስ የሚፈለጉበትን ጨዋታ «ሜሞሪ»፣ ማለትም ትውስታ፣ በሚል ስም ይሸጣል። በመላው የአውሮፓ ኅብረት ልያዘው ሲል ቃሉ ጨዋታውን የሚገልጽ ነው ተብሎ ተሰረዘበት፤ ሉክሰምበርግ ያሉት የኅብረቱ ፍርድ ቤቶችም በ2010 እና በ2011 ይህንኑ አጸኑ። በ2012 ግን ኩባንያው በአገር ውስጥ ምዝገባው ተመርኩዞ ለአፕል ቅሬታ አቀረበ፤ «ሜሞሪ» የሚል ቃል በርዕሳቸው የነበረ የስልክ ጌሞች ሠሪዎችም ስሙን እንዲተዉ ተጠየቁ። ሉክሰምበርግ ላይ የተነፈገውን መደብር ውስጥ አገኘው ማለት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ቆም ተብሎ ሊታይ የሚገባው የ«ኤጅ» ታሪክ ነው። ኤጅ ጠርዝ ማለት ነው፤ ስለትም ማለት ነው። ቲም ላንግዴል የተባሉ ሰው በ1980ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ «ዘ ኤጅ» በሚል ስም ጌም ያሳትሙ ነበር። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የሚታወሱት በጌሞቻቸው ሳይሆን በዚህ አንድ ቃል ላይ ባላቸው ምዝገባ ነው። በርዕሱ ውስጥ «ኤጅ» ያለበት ማንኛውም ሰው ከእሳቸው ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ የፈቃድ ውል እንዲፈርም ይጠየቃል። የጃፓኑ የሰይፍ ፍልሚያ ጌም «ሶል ኤጅ» ከጃፓን ውጪ «ሶል ብሌድ» ተብሎ የተሸጠው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ በሰፊው ተዘግቧል።

የፓሪሱ ትንሽ ስቱዲዮ ሞቢጌም አንድ ኩብ በጠርዝ ላይ የሚንከባለልበትን ቆንጆ የአይፎን ጌም «ኤጅ» ብሎ አወጣ። ላንግዴል ለአፕል ቅሬታ አቀረቡ፤ ጌሙም በ2009 ከመደብሩ ወረደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። ፍርድ ቤት የሰማው ነገር አልነበረም። ነገሩ ሲሰማ የጌም ሠሪዎች ማኅበረሰብ ተቆጣ። ላንግዴል በወቅቱ የዓለም አቀፉ የጌም ሠሪዎች ማኅበር የቦርድ አባል ነበሩ፤ አባላት ከቦርዱ እንዲወገዱ መጠየቅ ሲጀምሩ በዚያው ዓመት ለቀቁ።

ላንግዴል የተሳሳቱት «ሚረርስ ኤጅ» የተባለውን ጌም ባሳተመው በኤሌክትሮኒክ አርትስ ላይ ሲነሡ ነው። ይህ ኩባንያ የጠበቃ ገንዘብ አልቸገረውም። ላንግዴል በ2010 ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ መሥርተው እግድ ሲጠይቁ ዳኛ ዊልያም ኦልሰፕ ማስረጃውን አንድ በአንድ አገላብጠው ጥያቄውን ውድቅ አደረጉ። ምልክቱ በሥራ ላይ እንደዋለ ለማሳየት ለምዝገባ ቢሮው ከቀረቡት መካከል የእንግሊዙ «ኤጅ» መጽሔት ሽፋን ይገኝበታል፤ ሽፋኑ እውነተኛው ሳይሆን የተነካካ ነበር። ዳኛው ቢሮውን የማታለል ጠንካራ ምልክት እንዳዩ ጽፈው፣ ነገሩ የወንጀል ተጠያቂነት ሊያስከትል እንደሚችል ሳይቀር ጠቆሙ። ተዋዋዮቹ ጉዳዩን በስምምነት ሲዘጉ ምዝገባዎቹ እንዲሰረዙ ተወሰነ፤ ስረዛው የተጠናቀቀው በ2013 ነው። በ2011 ደግሞ የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመጽሔቱ አሳታሚ በላንግዴል ኩባንያ ላይ ባቀረበው ክስ ለአሳታሚው ፈረደ። ያ ሁሉ ዓመት ሰው ሲፈራው የኖረ የምዝገባ ወረቀት አንድ ዳኛ በጥሞና ሲያነበው ፈረሰ። ሞቢጌም ግን ጌሙ በመደብር ባልነበረባቸው ወራት ሊሸጥ የሚችለውን ያህል ማንም አልካሰውም።

የ«ስክሮልስ» ጉዳይ ከዚህ ቀለል ይላል፤ ሳቅም አለበት። ስክሮልስ ማለት የብራና ጥቅልሎች ነው። ማይንክራፍትን የሠራው የስዊድኑ ሞጃንግ በ2011 ሁለተኛ ጌሙን «ስክሮልስ» ሊለው ሲል፣ «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» የተባለው ተከታታይ ጌም ባለቤት የሆነው ቤቴስዳ በጠበቆቹ በኩል ተቃወመ። የሞጃንግ መሥራች ማርከስ ፐርሰን፣ በቅጽል ስማቸው ኖች፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሳይሆን በኩዌክ 3 ጌም ግጥሚያ ይፈታ ብለው በአደባባይ ጋበዙ። ግብዣው ተቀባይ አላገኘም። በጥቅምት 2011 የስዊድን ፍርድ ቤት ቤቴስዳ የጠየቀውን ጊዜያዊ እግድ ከለከለ። ይህ ሁሉ ሆኖ በመጋቢት 2012 ነገሩ የተዘጋው በስምምነት ነው፤ ሞጃንግ ምልክቱን ለቤቴስዳ አስተላልፎ፣ ጌሙ ከኤልደር ስክሮልስ ጋር እስካልተፎካከረ ድረስ በስሙ እንዲጠቀም ተፈቀደለት። የመጀመሪያውን ዙር ያሸነፈው ወገን ስሙን አስረክቦ ወጣ። ጌሙ ብዙም ሳይዘልቅ በ2018 «ኮለርስ ቤን» በሚል አዲስ ስም በነፃ ተለቀቀ። ዛሬ ሞጃንግም፣ ቤቴስዳም፣ ኪንግም የማይክሮሶፍት ንብረት ናቸው።

የቤቴስዳ እናት ኩባንያ ዜኒማክስ ከዚያ በኋላም አልተኛም። ጥቂት ሰዎች በሕዝብ መዋጮ ይሠሩት የነበረ «ፕሬይ ፎር ዘ ጎድስ» የተባለ ጌም ነበር፤ ፕሬይ የሚታደን ግዳይ ማለት ነው። ዜኒማክስ በ2017 «ፕሬይ» የሚል የራሱን ጌም ሲያወጣ ለምዝገባ ቢሮው ተቃውሞ አቀረበባቸው። ሠሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ የዚህን ዘርፍ ምሥጢር ሁሉ ይዟል፤ ልንከራከር እንችል ነበር፣ ነገር ግን ደጋፊዎች ለጌም ሥራ ያዋጡትን ገንዘብ ለጠበቃ ማዋል አልፈለግንም የሚል ነው። በስሙ አጻጻፍ ላይ አንድ ፊደል ቀይረው ቀጠሉ።

ወደ ኪንግ ስንመለስ፣ ከ«ካንዲ» ይልቅ ያሳፈረው «ሳጋ» ነበር። ሳጋ የጥንት የሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች የጀግንነት ትረካ ነው። ስቶይክ የተባለ ትንሽ ስቱዲዮ በዚሁ የቫይኪንጎች ዓለም ላይ የተመሠረተ «ዘ ባነር ሳጋ» የተሰኘ ጌም ሠራ፤ ለቃሉ ከእሱ የሚቀርብ ጌም ማግኘት ያስቸግራል። ኪንግ ምዝገባውን ተቃወመ። ይበልጥ የሚያስተዛዝበው ኪንግ ያቀረበው ምክንያት ነው፤ ባነር ሳጋ ኮርጆናል አንልም፣ ነገር ግን ዛሬ ዝም ካልን ነገ እውነተኛውን ኮራጅ ማስቆም አንችልም አለ። ከካንዲ ክራሽ ቀድሞ በ2010 የወጣው «ካንዲስዋይፕ» ባለቤት ደግሞ የኪንግን ምዝገባ ሲቃወም፣ ኪንግ ከሌላ ኩባንያ «ካንዲ ክረሸር» የሚል የቆየ ምልክት ገዝቶ የቀደምኩት እኔ ነኝ አለ። ሕጋዊ ዘዴ ነው፤ የሚያስከብር ግን አይደለም። ኪንግ በመጋቢት 2014 አክሲዮኑን በኒውዮርክ ገበያ ለመሸጥ እየተዘጋጀ ስለነበር ጫጫታው አልጠቀመውም። በየካቲት የአሜሪካውን የ«ካንዲ» ማመልከቻ ተወ፣ የአውሮፓውን ግን ያዘ፤ በሚያዝያ ከስቶይክም ከካንዲስዋይፕ ባለቤትም ጋር ታረቀ። ከኪንግ ጋር የተሟገተው የሕዝብ ቁጣ እንጂ ዳኛ አልነበረም።

ከጌም ዓለም ውጪ ያሉ ኩባንያዎችም በዚህ ሜዳ ላይ ይገኛሉ። የብሪታንያው ቴሌቪዥን ስካይ ማይክሮሶፍትን ሳይቀር በ2013 ለንደን ላይ ረትቶ «ስካይድራይቭ»ን «ዋንድራይቭ» ያስባለ ነው። «ኖ ማንስ ስካይ» የተባለው የጠፈር ጌም ሠሪ ሾን መሪ፣ ርዕሱ ውስጥ ሰማይ የሚል ቃል በመኖሩ ብቻ ሦስት ዓመት በምሥጢር ከስካይ ጋር ሲከራከሩ እንደቆዩና መስማማታቸውን በሰኔ 2016 ይፋ አደረጉ። የመጠጡ ኩባንያ ሞንስተር ኢነርጂ በበኩሉ የዩቢሶፍትን «ጎድስ ኤንድ ሞንስተርስ» ምዝገባ በ2020 ተቃወመ። ጌሙ በዚያው ዓመት «ኢሞርታልስ ፊኒክስ ራይዚንግ» በሚል፣ ማንም በማያስታውሰው ርዕስ ወጣ፤ ዩቢሶፍት ለውጡን ያያያዘው ከይዘቱ መለወጥ ጋር ነው። ጃፓን ውስጥ ሞንስተር በካፕኮም «ሞንስተር ሃንተር» ላይ ያነሣው ተቃውሞ ግን አልሠራለትም። ጭራቅ የሚለውን ቃል ከጌም ርዕስ ላይ የኃይል መጠጥ ሻጭ ሊያስወግደው መሞከሩ፣ ምድቦቹ 45 የሆኑበትን ምክንያት የሚያስረሳ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለርዕስ የሚቆም ጠንካራ ጋሻ አለ። ምንጩ ጌም ሳይሆን ፊልም ነው። ተዋናይቷ ጂንጀር ሮጀርስ፣ ፌዴሪኮ ፌሊኒ «ጂንጀር ኤንድ ፍሬድ» የሚል ፊልም በማውጣታቸው ከሰሱ፤ በ1989 የኒውዮርኩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ርዕሱ ከሥራው ጋር ኪነ ጥበባዊ ግንኙነት እስካለውና ስለ ምንጩ በግልጽ እስካላሳሳተ ድረስ የንግድ ምልክት ሕግ አይነካውም ብሎ ወሰነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ቪዲዮ ጌም እንደ መጽሐፍ ሁሉ በመናገር ነፃነት የተጠበቀ ነው ካለ ወዲህ ጋሻው ለጌምም ሙሉ በሙሉ ሠራ። ምሳሌው እንግሊዛዊው ሪቤሊየን ስቱዲዮ ነው። «ሲንስ ኦቭ ኤ ሶላር ኢምፓየር፦ ሪቤሊየን» የሚል ጌም ሲወጣ ስሜ ነው ብሎ በ2012 ሚሺጋን ውስጥ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2013፣ ጌሙ ስለ አመፅ ነው፣ ርዕሱም አመፅ ይላል፣ በቃ ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ተከሳሹን ጌም የሠራው ስቱዲዮ አይረንክላድ ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ይኸው ስቱዲዮ የሌላ ጌም ሠሪን «አይረንክላድ ታክቲክስ» ምዝገባ ተቃወመ። አይረንክላድ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የነበረ በብረት የተለበጠ የጦር መርከብ የወል መጠሪያ ነው።

ይህ ጋሻ በሰኔ 2023 ሳስቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በውስኪው ጃክ ዳንኤልስና በአንድ የውሻ መጫወቻ ሻጭ ክርክር ላይ፣ ቃሉን የራሱ ሸቀጥ መለያ አድርጎ የሚጠቀም ሰው በኪነ ጥበብ ስም ሊሸፈን አይችልም አለ። አንድ ጌም ተከታታይ ሆኖ፣ ርዕሱ በካናቴራና በኩባያ ላይ እየታተመ ሲሸጥ ርዕሱ ርዕስ ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። የሪቤሊየን ዓይነት ፈጣን ድል ከእንግዲህ የሚጠበቅ አይመስለኝም።

ጋሻው ከመሳሳቱ በፊትም ቢሆን ትልልቆቹ የተቃውሞ ጠበቆቻቸውን አላሰናበቱም ነበር። ቴክ ቱ የተባለው አሳታሚ ስሙን ይመስላል በሚል በስዊድኑ ሄዝላይት «ኢት ቴክስ ቱ» ላይ ተነሣ፤ ሐረጉ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አፍ ላይ የኖረ ዕለታዊ አባባል ነው። የሄዝላይት ማመልከቻ መተዉ የተሰማው ጌሙ የ2021 የዓመቱ ምርጥ ጌም ሽልማትን ባገኘበት በዚያው ታኅሣሥ ነው። ትንሹ ወገን ቀድሞ ስሙን የያዘበት ጊዜም አለ። «ዋርዞን» የሚባል የስትራቴጂ ጌም ከ2017 ጀምሮ በዚሁ ስም ነበር፤ አክቲቪዥን በ2020 «ኮል ኦቭ ዱቲ፦ ዋርዞን»ን ሲያወጣ ባለቤቱ ምዝገባውን ተቃወመ። በሚያዝያ 2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ የመሠረተው ግን አክቲቪዥን ነው፤ መብት አለኝ ተብሎ ይወሰንልኝ ብሎ። ቀድሞ የመጣው ሰው ለመከላከል ከሕዝብ መዋጮ መጠየቅ ነበረበት።

ተጫዋቾች ራሳቸው ያወጧቸው ስሞችም አሉ። «ዶታ» በብሊዛርድ ዋርክራፍት ላይ አፍቃሪዎች በነፃ የሠሩት ካርታ ነበር፤ ቫልቭ በ2010 ሊያስመዘግበው ሲል ብሊዛርድ ተቃወመ፣ በ2012 ቫልቭ ለንግድ፣ ብሊዛርድ ለአፍቃሪዎች ካርታ እንዲጠቀሙበት ተካፈሉት። የፈጠሩት ሰዎች በድርሻው ውስጥ አልነበሩም። ሶኒም ተጫዋቾች ጌም ሲጫወቱ ቀርጸው የሚያሳዩትን ቪዲዮ የሚጠሩበትን «ሌትስ ፕሌይ»ን በ2015 ሊይዝ ሞክሮ አልተሳካለትም።

እንግዲህ ኩባንያዎች ለምን ይህን ያደርጋሉ ሲባል ጠበቆች አንድ መልስ አላቸው፤ ምልክትህን ካልተከላከልክ ታጣዋለህ። ግማሹ እውነት ነው። ምልክት የሚጠፋው ካልተሠራበት ነው፤ በአሜሪካ ሦስት ተከታታይ ዓመት፣ በአውሮፓ ኅብረት አምስት ዓመት። ወይም እንደ ሞኖፖሊ የሸቀጡ የወል ስም ሲሆን ነው። ከሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ አንድ ስቱዲዮ «ሳጋ» የሚል ቃል በመጠቀሙ ካንዲ ክራሽ አይጠፋም። ደብዳቤው የሚጻፈው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ መልሱ ውድ ነው። መደብሮቹ ደግሞ በሁለት ወገኖች መካከል ዳኛ መሆን ስለማይፈልጉ ቅሬታ ሲደርሳቸው ወደ ማውረድ ያደላሉ። በዚህ ረገድ ተጠያቂ ማድረግ ካለብን ከሕግ አውጪው ይልቅ አፕልንና ጉግልን ነው። ቅሬታ አቅራቢው የምዝገባውን ምድብና አገር እንዲያሳይ፣ ተራ ቃል ከሆነም መደናገር ስለመኖሩ ማስረጃ እንዲያቀርብ ቢጠይቁ ከእነዚህ ሙግቶች ብዙዎቹ አይወለዱም ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ካወጣ ወዲህ በአማርኛ ቃል ጌም የሚሰይሙ ወጣቶች እየታዩ ነው፤ በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም የሚሞክሩ ይኖራሉ። ለእነሱ ጥቂት ነገር ልበል። በአገራችን የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ ጥበቃው ለሰባት ዓመት ቆይቶ ይታደሳል፤ ከአገር ውጪ ግን አይሻገርም። በአሜሪካ የሚያመለክት ሰው የአማርኛውን ቃል ትርጉምና በላቲን ፊደል አጻጻፉን ማስፈር አለበት፤ ቢሮውም ትርጉሙን ይመዝናል። ስለዚህ ለገበጣ ጌም «ገበጣ» ብቻውን ጠንካራ ስም አይሆንም፤ ሁለተኛ የራሳችሁ የሆነ ቃል ጨምሩበት። ሌላው ሰው ያመለከተውን ለመቃወም በአሜሪካ ከታተመበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን፣ በአውሮፓ ኅብረት ሦስት ወር ብቻ ነው ያለው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ስም ከመለወጣችሁ በፊት የምዝገባ ቁጥሩን፣ ምድቡንና አገሩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከዚያ መዝገቡን ራሳችሁ ክፈቱ። የአሜሪካውም፣ የአውሮፓውም፣ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅቱም መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ ፍለጋው ገንዘብ አይጠይቅም።